ሽሮ የሚችል ምድጃ፦ ወጣቶችን ይዞ ባሌ ለሚወጣ ቡድን የትኛው ማብሰያ ይሻላል?

የሰፈራችንን ወጣቶች ይዘን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ባሌ ተራሮች ስንወጣ የያዝነው ምድጃ መዳፍ ላይ የሚያርፍ፣ እግሮቹ የሚታጠፉ፣ ከትንሽ የጋዝ ቆርቆሮ አናት ላይ የሚጠመድ የውጭ አገር ዕቃ ነበር። መነሻችን ዲንሾ ከተማ ላይ ለሙከራ አንድ ሊትር ውሃ ጣድንበትና ወዲያው አፈላው፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። ማታ ዌብ ሸለቆ ስንደርስ ለአሥራ አራት ሰው ሽሮ ጣድንበት። ትልቁ ድስት በትንሿ ምድጃ ላይ ተንጠልጥሎ ተቀመጠ። ተረኛዋ ልጅ ማማሰያውን ስታዞር ድስቱም አብሮ ዞረ፤ አጋደለ፤ እራታችን ሣሩ ላይ ፈሰሰ። እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልተቃጠለም። ቆሎና በሶ በልተን ተኛን። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያ የፈላ ሽሮ የልጅቷ እግር ላይ ፈስሶ ቢሆን ኖሮ በጨለማ ተሸክመናት እንወርድ ነበር።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ተራራ ላይ ግን ጉልቻው ወጡን ያበስላል፣ ያሳርራል፣ ይደፋልም። ስለዚህ ምድጃ መምረጥ ከድንኳንና ከጫማ ምርጫ እኩል ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።

የውጭ አገር መመሪያዎችን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፦ ምድጃ የሚወዳደረው አንድ ሊትር ውሃ በስንት ደቂቃ እንደሚያፈላና ስንት ግራም እንደሚመዝን ነው። እነዚያ ምድጃዎች የተሠሩት ለአንድ ወይም ለሁለት ተጓዥ ነው፤ ተጓዡ ውሃ ያፈላል፣ የደረቀ የታሸገ ምግብ ላይ ያፈስሳል፣ ይበላል። እኛ ግን እናበስላለን። ዘይት እናግላለን፣ ሽንኩርት እናቁላላለን፣ ሽሮ በትነን በዝግታ እናንተከትካለን። በአንድ ቡድን ውስጥ ጿሚውም ሙስሊሙም ሲኖር ሁሉንም በአንድ ድስት ዙሪያ የሚሰበስበው ይኸው ሽሮ ነው። ለዚህ ሥራ ምድጃ ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ድስቱን ሳያወዛውዝ ይሸከማል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው እሳቱ ዝቅ ሲል ሳይጠፋ ይቆያል ወይ ነው። ሦስተኛው ነዳጁ በምንሄድበት ከተማ ይገኛል ወይ ነው። ክብደትና ፍጥነት ከእነዚህ በኋላ ይመጣሉ።

መጀመሪያ ምን እንደምትበሉ ወስኑ

ከፍታ ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የሳኔቲ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ሲሆን በላዩ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ሳኔቲ ላይ ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድስቱ ይንፈቀፈቃል፣ ባቄላውና ድፍን ምስሩ ግን ቶሎ አይበስልም። ሰዓታት ይፈጃል፣ ነዳጅም አብሮ ያልቃል። ከዚህ በላይ ምድጃ የሚፈትን ነገር የለም፤ መፍትሔው ደግሞ ምድጃው ውስጥ ሳይሆን ስንቁ ውስጥ ነው።

የእኛ አገር ስንቅ ለዚህ የተዘጋጀ ነው ብዬ አምናለሁ። ድርቆሽ የፈላ ውሃና የቁሌት ስልስ ብቻ ይፈልጋል፤ ቁሌቱን ቤት ሠርቶ በደንብ አድርቆ መውሰድ ይቻላል። በሶ እሳት አይፈልግም። ጭኮ የአርሲና የባሌ ሰው የመንገድ ምግብ ነው፤ ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ ስለሚሠራ በብርድ ቀን ለደከመ ልጅ የሚሰጠው ኃይል ትልቅ ነው። ሽሮ ቀድሞ የበሰለ ያህል ነው፤ እህሉ ተቆልቶ ስለተፈጨ ከፍታው አይከብደውም። ክክ የግድ ከሆነ ጠዋት ዘፍዝፋችሁ በታሸገ ዕቃ ይዛችሁ ተጓዙ፤ ፈረስ ካላችሁ ደግሞ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለውን ድስት ጫኑ፤ ግፊቱ በከፍታ የጎደለውን ሙቀት ይመልሳል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አሥራ አራት ሰው ለሻይ፣ ለምግብና ለመጠጥ በቀን ሁለት ሁለት ሊትር ውሃ ይፍላለት ብንል 28 ሊትር ይሆናል። በነፋስና በብርድ አንድ ሊትር ለማፍላት በግምት 15 ግራም ጋዝ ይፈልጋል። የሽሮውና የቅንጬው ማንተክተኪያ ሲጨመርበት በቀን 600 ግራም ያህል ጋዝ፣ ወይም አንድ ሊትር ላምባ፣ ወይም ሁለት ሊትር የሚጠጋ አልኮል መያዝ ነው። ለአራት ቀን በአራት አባዙት። የመጠጥ ውሃውን በማፍላት ፋንታ በውሃ አጋር ወይም በሌላ የክሎሪን ማከሚያ ካከማችሁት ይህ መጠን በጉልህ ይቀንሳል። ካፈላችሁት ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ መፍላት እንዳለበት አትርሱ።

እንጨትና ከሰል

እንጨት ርካሽ ነው፣ ልጆቹም እሳት ዙሪያ መቀመጥ ይወዳሉ። ቢሆንም ባሌ ላይ በእንጨት አታብስሉ። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ዛፍ መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነው። አስታ ሲደርቅ ቅጠሉ እንደ ክብሪት የሚያዝ ቁጥቋጦ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የባሌን ደን የበላውን ቃጠሎ፣ በ2011 ዓ.ም. ሰሜን ተራሮች ላይ የተነሣውንና የእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ሳይቀሩ ለማጥፋት የመጡበትን እሳት የሚያስታውስ ሰው ለአንድ ማሰሮ ሻይ ሲል ያንን አይደፍርም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወጣቶችን እዚያ የምንወስደው ያንን ምድር እንዲወዱት ከሆነ ዛፉን ነቅለን ሻይ ማፍላት አይገባንም።

ከሰል ከከተማ ገዝቶ በምድጃ መውሰድ ይቻላል፣ ሽሮም ያበስላል። ነገር ግን ይከብዳል፣ ለመያዝ ጊዜ ይፈጃል፣ ፍሙ በነፋስ ይበተናል። ከሁሉ የከፋው ማታ ብርድ ሲበረታ አንዱ ልጅ ምድጃውን ወደ ድንኳን ሊያስገባው መቻሉ ነው። ከሰል አያይዘው ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎችን ዜና ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው አይነቃም። በዚህ ምክንያት ብቻ ከሰልን ለወጣት ቡድን አልመርጥም።

ቆርቆሮ ጋዝ፦ ለሁለት ሰው ግሩም፣ ለአሥራ አራት የማይሆን

የእኛን እራት የደፋው ዓይነት ይህ ነው። ጥፋቱ ግን የምድጃው ሳይሆን የመራጮቹ ነው። ምድጃው ንጹሕ ነው፣ ወዲያው ይለኮሳል፣ እሳቱም በደንብ ዝቅ ይላል። ለሁለትና ለሦስት ሰው ከዚህ የሚቀል የለም። ችግሩ ድስቱ ነው፤ ስፋቱ ከ20 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ሚዛን ይስታል፣ ወደ ታች የሚመለሰው ሙቀትም ቆርቆሮውን ያግለዋል። በዚህ ዓይነት ምድጃ ዙሪያ የነፋስ መከላከያ ገጥሞ መዝጋት ቆርቆሮውን እስከማፈንዳት ሊያደርስ ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግም። ምድጃው መሬት ላይ በሦስት ሰፊ እግሮች ተቀምጦ ጋዙ በቱቦ የሚመጣበት ዓይነት ከዚህ እጅግ ይሻላል።

ብርድም ይፈትነዋል። ቡቴን ብቻ የያዘ ቆርቆሮ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ያቆማል፤ አይሶቡቴን እስከ 12 ከዜሮ በታች፣ ፕሮፔን እስከ 42 ከዜሮ በታች ይዘልቃሉ። ከፍታው የአየሩን ግፊት ስለሚቀንስ በጥቂቱ ያግዛል። ቢሆንም ከኅዳር እስከ ጥር ሳኔቲ ላይ ሌሊቱ ውሃን በረዶ ያደርጋል፤ ቅልቅሉን ሳያነቡ መግዛት ጠዋት ያለ ሻይ መቅረት ነው።

በእኛ አገር ወሳኙ ነገር ግን አቅርቦቱ ነው። ቆርቆሮው በየሱቁ አይገኝም፤ ሲገኝም ውድ ነው። ከላይ ባሰላነው መሠረት ለአራት ቀን 230 ግራም የሚይዙ ከአሥር በላይ ቆርቆሮዎች ያስፈልጋሉ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያምጣልን እንዳትሉ፤ የጋዝ ቆርቆሮ በአውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። ምድጃውን ብቻ ማምጣት ይችላል።

በአሜሪካና በአውሮፓ ሆናችሁ የቤተ ክርስቲያን ወይም የማኅበር ወጣቶችን ተራራ የምታወጡ ግን ነገሩ ይገለበጥላችኋል። ቆርቆሮው በየስፖርት ዕቃ መደብሩ አለ። ባለ ቱቦውን፣ ሰፊ እግር ያለውን ዓይነት ለየአምስት ሰው አንድ አንድ ያዙ። በምዕራብ አሜሪካ በደረቅ ወራት የእሳት ክልከላ ሲታወጅ ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው በማዞሪያ ወዲያው የሚጠፋ ምድጃ ብቻ ስለሆነ የአልኮልና የእንጨት ምድጃ ይዞ መሄድ ከበር ሊያስመልስ ይችላል።

ትንሿ ቡታጋዝ

ባለ ቱቦ ሳይሆን ማቃጠያው ከሲሊንደሩ አናት ላይ በቀጥታ የሚጠመደውን፣ ጥቂት ኪሎ ጋዝ የሚይዘውን ትንሽ ቡታጋዝ ታውቁታላችሁ። ተራራ ወጪዎች ይንቁታል፤ ሲሊንደሩ ብረት ስለሆነ በጀርባ የሚታዘል አይደለም። ነገር ግን ባሌ ላይ ጓዝ የሚሸከመው ፈረስ ነው። ከዲንሾ አጋሰስ ተከራይቶ የሚወጣ ቡድን የግራም ጭንቀት የለበትም፤ ያኔ ይህ ምድጃ ከሁሉ ይበልጣል። ሦስት ኪሎ ጋዝ የአራት ቀን ስሌታችንን ይሸፍናል። ልጆቹ ቤታቸው የሚያውቁት ዓይነት እሳት ነው። ሽሮ ላይ ከዚህ የተሻለ አላየሁም፤ ዝቅ አድርጋችሁ ትታችሁት ብትወያዩ እንኳ አያሳርርም። ሲሊንደሩም ትልቅ ስለሆነ እንደ ቆርቆሮ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ጠዋት ቢደክም ለብ ባለ ውሃ ሳፋ ውስጥ ማቆም ይበቃዋል። በእሳት ማሞቅ ግን በፍጹም።

ሁለት እንከን አለበት። አንደኛው ቁመቱ ነው። ድስት ሲጨመርበት ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ሲሊንደሩን ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ውስጥ ሳይሆን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙትና ዙሪያውን በሦስት ትልልቅ ድንጋዮች አስጨንቁት። ጉድጓድ ያልፈለግሁት ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈተልክ እዚያው ስለሚጠራቀም ነው። ሁለተኛው መጓጓዣው ነው። ሲሊንደር በሕዝብ ማመላለሻ አይጫንም፤ የተከራያችሁት መኪና ሊኖራችሁ ይገባል፤ ቀጥ ብሎ፣ ቫልቩ ተዘግቶ፣ መስኮት በተከፈተበት ክፍል ይጓዝ። ማቃጠያውን በገጠማችሁ ቁጥር የሳሙና አረፋ ቀብታችሁ እዩ። አረፋው ካበጠ ጋዝ እየወጣ ነው ማለት ነው፤ ክብሪት እንዳትጭሩ።

ላምባ፦ የታማኝ ሰው ምድጃ

ኬሮሲን የምንለው ላምባ ሁለት ዓይነት ምድጃ አለው። ባለ ክሩ በከተማ ተከራይ ቤት ሁሉ የኖረው ነው፦ ርካሽ፣ ሰፊ፣ የማይወዛወዝ፣ ክሩን ዝቅ ሲያደርጉት ሽሮ የሚያንተከትክ። ነፋስ ግን ያሸንፈዋል፤ ድስት ያጠለሻል፤ በፈረስ ጀርባ ላይ ላምባው ይፈስሳል። ሙሉ በሙሉ ሳታራግፉ አትጫኑት።

ሌላው በፓምፕ ግፊት የሚሠራው ነው። ስዊድናዊው ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት እ.ኤ.አ. በ1892 የፈለሰፈው የፕሪመስ ምድጃ አሙንድሰን እ.ኤ.አ. በ1911 ደቡብ ዋልታ ሲደርስ፣ ሂላሪና ቴንዚንግ እ.ኤ.አ. በ1953 ኤቨረስት ሲወጡ አብሯቸው ነበር። ዛሬም ኤምኤስአር፣ ፕሪመስና ኦፕቲመስ የተባሉ አምራቾች በዚሁ መርህ የሚሠሩና ነዳጁን በጠርሙስ የሚያስቀምጡ ቀላል ምድጃዎች ይሠራሉ። ብርድም ከፍታም አይበግራቸውም። ነዳጃቸው በሻሸመኔም በሮቤም ከማደያ ሊገኝ ይችላል፤ በጀሪካን መቅዳት የሚከለከልበት ጊዜ ስላለ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዋጋው ሙያ ነው። ላምባ በግፊት የሚነደው መጀመሪያ ማቃጠያው በጥቂት አልኮል ከጋለ በኋላ ነው። ሳይግል ቫልቩ ከተከፈተ ቢጫ እሳት እስከ ፊት ድረስ ይነሣል፤ ቅንድቡን ያጣ ሰው አውቃለሁ። የማቃጠያው አፍንጫ በቆሻሻ ይደፈናል፣ የፓምፑ ቆዳ ይደርቃል፤ ጠጋኝ የሌለው ቡድን ይቸገራል። አንዳንዶቹ ሞዴሎች እንደ ጄት እየጮኹ ውሃ ከማፍላት በቀር እሳታቸውን ዝቅ ማድረግ አይሆንላቸውም። ስትገዙ የእሳት መጠን ማስተካከያ ከጠርሙሱ ሌላ በማቃጠያው አጠገብም ያለውን ምረጡ። በጀርባ ተሸክሞ ለሚሄድ፣ ፈረስ ለሌለው ቡድን የእኔ ምርጫ ይኸው ነው፤ ለየአምስት ወይም ለየስድስት ሰው አንድ።

አምራቾቹ እነዚህ ምድጃዎች ቤንዚንም ያነድዳሉ ይላሉ። እውነት ነው። ወጣቶች ባሉበት ግን ቤንዚን አይግባ። የላምባ ትነት ለመያዝ ከ38 ዲግሪ በላይ መሞቅ ይፈልጋል፤ የቤንዚን ትነት በውርጭም ቢሆን ብልጭታ ይበቃዋል። የፈሰሰ ላምባ ሽሮ ያበላሻል፤ የፈሰሰ ቤንዚን ሰው ያቃጥላል። ለማንኛውም ነዳጅ ከስንቅ ጋር በአንድ ፈረስ ላይ አይጫን።

አልኮል

የስዊድኑ ትራንጂያ የሚባለው የአልኮል ምድጃ የስካንዲኔቪያ ወጣቶች የካምፕ ጓደኛ ነው። ፓምፕ የለው፣ ቫልቭ የለው፣ ድምፅ የለው፤ የናስ ኩባያ ውስጥ አልኮል ታፈስሳላችሁ፣ ትለኩሳላችሁ። ድስቱና የነፋስ መከላከያው አንድ ላይ ስለተገጠሙ በቀላሉ አይገለበጥም። ለአገራችንም ኢታኖል እንግዳ አይደለም፤ ከስኳር ፋብሪካዎቻችን ይወጣል፣ በቀብሪበያህ የስደተኞች መጠለያ ሳይቀር በኢታኖል ምድጃ ተበስሏል።

ለትንንሽ ቡድን ጥሩ ነው፤ አንዱ ምድጃ ለሦስት ሰው ስለሚበቃ ልጆቹ በየሦስት ሆነው ለራሳቸው እንዲያበስሉ ያደርጋል፤ ይህ በራሱ ትምህርት ነው። ነገር ግን ለእኩል ሙቀት ከላምባ እጥፍ የሚጠጋ ነዳጅ መሸከም አለባችሁ። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ሲሶው ውሃ ስለሆነ አያበስልም። አደጋው ደግሞ አንድና አንድ ነው፦ ነበልባሉ በፀሐይ አይታይም። ልጁ የጠፋ መስሎት ከጠርሙስ ሲጨምርበት እሳቱ ወደ እጁ ይወጣል። ኩባያው በክዳኑ ታፍኖ፣ በእጅ ተነክቶ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ማንም አይሙላው።

ቁራጭ ደረቅ ነዳጆችም አሉ፤ ለአንድ ኩባያ ሻይ ይሆናሉ፤ በድንገተኛ ጊዜ ቦርሳ ውስጥ ከመቀመጥ ያለፈ ሥራ አልሰጣቸውም።

እንግዲህ እኔ ብሆን

ፈረስ ተከራይቼ ከዲንሾ በዌብ ወደ ሳኔቲ አሥራ አራት ሰው ብወስድ አንድ ትንሽ ቡታጋዝ ለሽሮውና ለቁርሱ፣ አንድ የግፊት ላምባ ምድጃ ለሻይና ለመጠባበቂያ እይዛለሁ። ሁለት ዓይነት ነዳጅ መያዝ ብልህነት ነው፤ አንዱ ቢጎድል ሌላው አለ። ወንጪ ወይም መናገሻ ሱባ ለአንድ ሌሊት ብቻ አሥራ ሁለት ሰው ሆነን ዕቃውን በጀርባ ተሸክመን ብንሄድ ሁለት የላምባ ምድጃ፣ ወይም ልጆቹ ትልልቆች ከሆኑ አራት ትራንጂያ። ገንዘብ የጎደለው ቡድን ከሆነ በተበደረ ምድጃ አደጋ ከመጋበዝ ለአንዲት ሌሊት በሶ፣ ጭኮና ዳቦ ቆሎ ይዞ በቴርሞስ ሻይ መሄድ ይሻላል፤ በዚህ የሚያፍር አይኑር።

የሚለኩሰው አንድ ትልቅ ሰው ይሁን። በምድጃው ዙሪያ ሁለት እርምጃ የሚሆን ክብ በድንጋይ ይሠመር፤ ወደዚያ የሚገባው ተረኛው አብሳይና ረዳቱ ብቻ ናቸው። ነጠላና ረጅም ሻርፕ ይታሰር፣ ጫማ ይደረግ፤ በሰንደል ጫማ ድስት ዙሪያ መቆም የለም። ዝናብ ቢመጣም ማንኛውም ምድጃ ድንኳን ውስጥ አይገባም፤ ከሰል ብቻ ሳይሆን ጋዙም ላምባውም ያንኑ ሽታ የሌለው ጭስ ያወጣሉ።

ከመውጣታችሁ ሁለት ሳምንት በፊት፣ ነፋስ ባለበት ከሰዓት በኋላ፣ ግቢ ውስጥ ወይም እንጦጦ ላይ ሙሉውን ድስት ሽሮ ጣዱ። ነዳጁን ቀድማችሁ መዝኑ፣ ሲያበቃም መዝኑ። ተረኞቹ ልጆች ራሳቸው ያማስሉ፣ እናንተ ድስቱን እዩ። ከተወዛወዘ ምድጃውን ለመቀየር ገና ሁለት ሳምንት አላችሁ።